ሪቦሶም መነሻውን ሲመርጥ፦ በጥንቸል ላይሴት የለካሁበት መንገድ

ትንሹ የሪቦሶም (የሴሉ ፕሮቲን ሠሪ) ክፍል ከኤምአርኤንኤው (የፕሮቲኑን መመሪያ ከያዘው አርኤንኤ) ካፕ፣ ማለትም ከመጀመሪያ ጫፉ፣ ተነስቶ እየቃኘ ሲሄድ የመጀመሪያው ኤዩጂ (ፕሮቲን የሚጀመርበት ባለሦስት ፊደል ምልክት) ላይ ሁልጊዜ አይቆምም። ተመራማሪዋ ማሪሊን ኮዛክ እንዳሳዩት፣ ከኤዩጂው ሦስት ፊደል ቀደም ብሎ ኤ ወይም ጂ፣ ወዲያው ተከትሎ ደግሞ ጂ ካለ አብዛኛው ይቆማል። ከሌለ ከፊሉ አልፎ ቀጣዩን ኤዩጂ ይይዛል።

ፊተኛውን ኤዩጂ ያለፈውን ሪቦሶም በጥንቸል ላይሴት (ፕሮቲን መሥራት በሚችል የፈረሱ የጥንቸል ደም ሴሎች ፈሳሽ) ውስጥ ለመለካት በአንድ ኤምአርኤንኤ ላይ፣ በአንድ የንባብ መስመር ሁለት ኤዩጂ አደረግኩ። ከፊተኛው ረጅም፣ ከኋለኛው አጭር ፕሮቲን ይወጣል። የሁለቱ ንጽጽር ከአንድ ቱቦ ስለሚገኝ የፒፔት ስህተት አያዛባውም። የቀየርኩት ከፊተኛው ሦስት ፊደል ቀድማ ያለችውን ኤ ወደ ዩ ብቻ ነው። ተከታይዋን ጂ መንካት ሁለተኛውን አሚኖ አሲድ ይለውጣል፤ ያኔ የተለወጠው አጀማመሩ ይሁን የፕሮቲኑ ዕድሜ አይታወቅም።

ለ25 ማይክሮሊትር 17.5 ማይክሮሊትር ላይሴት፣ ሜቲዮኒን የሌለው የአሚኖ አሲድ ቅልቅል፣ ጨረር የሚያወጣ ሰልፈር 35 ያለበት ሜቲዮኒን፣ የአርኤንኤዝ (አርኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም) ማገጃና 100 ናኖግራም ኤምአርኤንኤ ይገባል። ኤምአርኤንኤውን በ65 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ አሙቄ ወዲያው በረዶ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ 30 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ። ካልሲየም ያለበት ባፈር ግን አይጠጋም፤ ላይሴቱን ከራሱ ኤምአርኤንኤ ለማጽዳት የገባውን ኑክሊየዝ፣ እሱም አርኤንኤ ቆራጭ ነው፣ መልሶ ይቀሰቅሰዋል።

ነገሩ ሁሉ ያለው ማግኒዥየሙ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚመርጠው ባንዱ፣ ማለትም በጄል ላይ ፕሮቲኑን የሚያሳየው መስመር፣ በጣም የደመቀበትን መጠን ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ያ አሳሳች ነው። ማግኒዥየም ሲበዛ ሪቦሶሙ መራጭነቱን ያጣል፤ እነዚያ ፊደላት የሌሉትን ደካማ ኤዩጂም እንደ ጠንካራው ይቀበላል፣ ኤዩጂን በሚመስለው ሲዩጂ ላይ እንኳ ይጀምራል። ስለዚህ ፊተኛው ኤዩጂ ወደ ሲዩጂ የተለወጠበት ሦስተኛ ኤምአርኤንኤ ሁልጊዜ ጎን ለጎን አስኬዳለሁ። የማግኒዥየም አሲቴቱን በ0.25 ሚሊሞላር እያሳደግኩ ስሄድ የሲዩጂው ረጅም ፕሮቲን መድመቅ ከጀመረ፣ ምርቱ ቢቀንስም ወደ ታች እመለሳለሁ። ላይሴቱ የራሱ ማግኒዥየም ስላለው ይህ ለእያንዳንዱ አዲስ የላይሴት ምርት ይደገማል። ኤምአርኤንኤውም በንጹህ ውሃ እንጂ ኢዲቲኤ ባለበት ባፈር አይሟሟም፤ ኢዲቲኤ ማግኒዥየሙን ይይዘዋል።

ሥራው በደንብ ጀምሮ ከደቂቃዎች በኋላ ቀጥ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤምአርኤንኤውን የሚሠራው ኢንዛይም፣ ቲ7 ፖሊመሬዝ፣ የሚተወው ድርብ አርኤንኤ ነው። ጥቂቱ እንኳ ፒኬአር የተባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ፒኬአር ኢአይኤፍ2 የተባለው ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፣ መነሻውን ሜቲዮኒን ወደ ሪቦሶሙ የሚያመጣው እሱ ስለሆነ ሥራው ይቆማል። ኤምአርኤንኤውን 16 በመቶ ኢታኖል ባለው ባፈር በሴሉሎስ ማሳለፍ ያጸዳዋል፤ ድርቡ ሴሉሎሱ ላይ ይቀራል።

ባንዶቹ ሲነበቡ የእያንዳንዱ ጥንካሬ በፕሮቲኑ ውስጥ ላሉት ሜቲዮኒኖች ብዛት ይካፈላል። ረጅሙ ብዙ ሜቲዮኒን ስላለው፣ ሳይካፈል ከተነበበ ያለፈው ሪቦሶም ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል።