ወደ ግራ የሄደችው ኳስ

የግራ እጄ የጎልፍ ጓንት ሁልጊዜ የሚበሳው አንድ ቦታ ላይ ነበር፤ መዳፉ ላይ፣ ከትንሿ ጣት በታች ባለው ወፈር ያለ ሥጋ በኩል። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጓንት እንደቀየርኩ አላስታውስም፣ ሁሉም ግን እዚያው ነው የተቀደዱት። ጓንቱ ስስ ሆኖ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ማታ ቦርሳዬን ሳስተካክል አሁን የማደርገውን አገላብጬ አየሁት። ስድስት ሳምንት ተለማምጄበታለሁ፤ መዳፉ ደህና ነው፣ መሳሳት የጀመረው የጣቶቹ ሥር ነው። ቁጭ ብዬ ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

ችግሬ ስላይስ ነው። ቀኝ እጄን የምጠቀም ተጫዋች ነኝ። በድራይቨር፣ ማለትም ለሩቅ ምት በሚያገለግለው ረጅሙ ዱላ፣ የመታኋት ኳስ ከዒላማው ትንሽ ወደ ግራ ትነሳለች፣ ለተወሰነ ርቀት ተስፋ እየሰጠች ትሄዳለች፣ ከዚያ ፍጥነቷ ሲቀንስ ወደ ቀኝ ትታጠፍና ዛፍ ውስጥ ትገባለች። ከምንም በላይ የሚጎዳኝ ያ መሃል ላይ ያለው ጊዜ ነበር፤ ቀጥ ያለች የምትመስልበት። ገና ከመነሻዋ ብትጠፋ ይሻለኝ ነበር።

ድራይቨሩን ጠልቼው አውቃለሁ። በ7 ቁጥር አይረን፣ አጠር ባለው የብረት ዱላ፣ የምመታት ኳስ ደህና እየሄደች በድራይቨር ብቻ የምትጠፋብኝ ከሆነ ጥፋቱ የዱላው ነው ብዬ ለወራት ከቦርሳዬ አውጥቼው ነበር። አሁን ሲገባኝ ስህተቱ በሁለቱም ላይ አንድ ነው። የአይረኑ ፊት፣ ኳሷን የሚነካው ገጽ፣ 30 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ስለተጋደመ ኳሷን ወደ ኋላ በኃይል ያሾራታል፤ በዚያ ሁሉ ሽክርክሪት ውስጥ ትንሿ የጎን ዝንባሌ ትዋጣለች። የእኔ ድራይቨር ግን 10.5 ዲግሪ ነው። የኋላ ሽክርክሪቱ ያነሰ ስለሆነ ያቺው ስህተት የኳሷን የመሽከርከሪያ ዘንግ በብዙ ታጋድመዋለች። በዚያ ላይ የሚሄደው ርቀት ሩቅ ነው፤ መታጠፊያ ጊዜ አላት።

መድኃኒት ያልኩት ነገር ደግሞ ሌላ ጥፋት ነበር። ኳሷ ወደ ቀኝ ከታጠፈች ወደ ግራ ላልም አልኩ። እግሬን፣ ዳሌዬን፣ ትከሻዬን ወደ ግራ አዞርኩ። አንድ ሳምንት ሠራልኝ። ከዚያ መታጠፉ ባሰ፣ እኔም ይበልጥ ወደ ግራ ዞርኩ፣ እሷም ይበልጥ ታጠፈች። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ወደ ግራ በዞርኩ ቁጥር ዱላዬ ኳሷን ከውጭ ወደ ውስጥ እየቆረጠ የሚያልፈው ይበልጥ ይጨምር ነበር፤ ስላይስን የሚመግበው ደግሞ ይኸው መቆረጥ ነው። ይህን ሳላውቅ በራሴ እጅ ሳሳድገው ከረምኩ።

በመጨረሻ አንድ አሰልጣኝ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። አሥር ኳስ እንድመታ ካደረጉኝ በኋላ ከኋላዬ ያስቀመጡትን የራዳር መለኪያ አሳዩኝ። ዱላዬ ኳሷን ሲያገኛት የሚጓዝበት መንገድ በአማካይ 7 ዲግሪ ወደ ግራ ነበር። የዱላው ፊት ግን የሚያየው 2 ዲግሪ ብቻ ወደ ግራ ነው።

«ፊቱ ወደ ግራ የሚያይ ከሆነ ታዲያ ለምን ወደ ቀኝ ትሄዳለች?» አልኳቸው።

«ከዒላማው አንጻር ተዘግቷል፣ ከመንገዱ አንጻር ግን 5 ዲግሪ ተከፍቷል» አሉኝ። «ኳሷን የሚያጥፋት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመረዳት ቤት ገብቼም ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። እኔ የተማርኩት የድሮውን አስተሳሰብ ነው፤ ኳሷ የምትነሳው ዱላው በሚጓዝበት አቅጣጫ ነው፣ የምታርፈው ደግሞ ፊቱ ባየበት ነው የሚለውን። ለአሥርተ ዓመታት እንዲሁ ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው። የራዳር መለኪያዎች ሲመጡ ነገሩ ተገለበጠ። በድራይቨር ላይ የኳሷን የመነሻ አቅጣጫ በግምት 85 በመቶ የሚወስነው ፊቱ ነው። የእኔ ኳስ 3 ዲግሪ ገደማ ወደ ግራ የምትነሳው ለዚህ ነው፤ ፊቱ ወደሚያይበት ቀርባ፣ መንገዱ ትንሽ ጎተት አድርጓት። ዱላውና ኳሷ የሚነካኩት ደግሞ ለግማሽ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ነው። በእጄ ላይ ንዝረቱ ሲሰማኝ ኳሷ ሄዳለች። በዚያ ቅጽበት ዱላውን «አስተካክላለሁ» እያልኩ የለፋሁት ልፋት ሁሉ የማይቻል ነገር ነበር።

የሽክርክሪቱ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኩ። ፒተር ጋትሪ ቴት የሚባሉ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የጎልፍ ኳስን በረራ አጥንተው ነበር። ኳሷ ያን ያህል ጊዜ አየር ላይ የምትቆየው ወደ ኋላ ስለምትሽከረከር መሆኑን ያስረዱ ሰው ናቸው። ያው የሚያነሳት ኃይል ነው ዘንጉ ሲጋደም ወደ ጎን የሚገፋት። ልጃቸው ፍሬዲ ቴት ደግሞ የብሪታንያን የአማተሮች ሻምፒዮና በ1896 እና በ1898 አሸንፏል። አባት በወረቀት፣ ልጅ በሜዳ አንዲትን ኳስ ሲከተሉ ማሰብ ደስ ይለኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ መታጠፍ ከእኔ በፊት ትልልቅ ሰዎችን አስጨንቋል።

ወደ አሰልጣኙ ልመለስ። መንገዱን እንድናስተካክል ጠብቄ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታገል የነበረው ከእሱ ጋር ነው፤ ከላይ ስወርድ ትከሻዬ ቀድሞ ይዞራል፣ ዱላው ወደ ውጭ ይወረወራል፣ ከዚያ ኳሷን ይቆርጣል። በቪዲዮ አይቼዋለሁ፣ በጓደኞቼ ተነግሮኛል። እሳቸው ግን «እሱን ለጊዜው ተወው» አሉኝ። «ሰውነትህ ብልህ ነው። ፊቱ ክፍት መሆኑን ያውቃል። እንደዚያ ከፍተህ ቀጥ አድርገህ ብትመታ ኳሷ ከመነሻዋ ቀኝ ሄዳ እዚያው ትቀራለች። ስለዚህ ወደ ግራ እየጎተተ ያድንሃል። ፊቱን ካልዘጋንለት መጎተቱን አያቆምም።»

ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። ስቆጣው የኖርኩት እንቅስቃሴ ሲረዳኝ የኖረ መሆኑ ሆዴን አባባው። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ እጄ ላይ።

ዱላውን የምይዘው በመዳፌ ነበር። የግራ እጄን ቁልቁል ሳይ የሚታየኝ የጣት አንጓ አንድ ብቻ ነው፤ በአውራ ጣቴና በአመልካች ጣቴ መካከል ያለው መስመር አገጬን ያመለክታል። እንዲህ ያለው፣ «ደካማ» የሚባለው አያያዝ ፊቱን ክፍት አድርጎ ያመጣል። ከየት እንዳመጣሁትም አውቃለሁ። ጎልፍ ስጀምር የታዋቂውን ጎልፈኛ የቤን ሆገንን ፎቶዎች እያየሁ እጁን እንዳለ ቀዳሁ። ሆገን ግን በወጣትነቱ ያስቸገረው ሁክ ነው፤ ኳሷ ወደ ግራ ትታጠፍበት ነበር። አያያዙን ወደ «ደካማው» የለወጠው ያንን ለማስቆም ነው። እኔ የእሱን መድኃኒት የወሰድኩት በተቃራኒው በሽታ ተይዤ ነው።

አሰልጣኙ እጄን ይዘው ወደ ቀኝ አዞሩት፣ ዱላውን ከመዳፌ አውርደው ጣቶቼ ሥር አስቀመጡት። ሁለት አንጓ ተኩል ይታየኝ ጀመር፣ መስመሩም ቀኝ ትከሻዬን አመለከተ። የሰው እጅ ተውሼ የያዝኩ መሰለኝ።

የመጀመሪያዋ ኳስ ወደ ግራ ሄደች። ቀጥ ብላ ወደ ግራ፣ ምንም ሳትታጠፍ፣ የሜዳው ጠርዝ ላይ ያለውን መረብ መታች። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም። ልቤ ፈራ። ሁለት ዓመት ቀኙን ብቻ ስፈራ ኖሬ አሁን ግራውም ተዘጋብኝ አልኩ። ቀና ስል አሰልጣኙ ፊታቸው በርቷል። «መታጠፍ ቆመ አይደል?» አሉኝ። እውነትም ቆሟል። መንገዱ ገና 7 ዲግሪ ወደ ግራ ነው፣ ፊቱ ግን አሁን ወደዚያው ያያል፤ ሁለቱ ተስማምተዋል። ኳሷ የምትሄደው እኔ ወደማወዛውዝበት ነው።

እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስለኛል። እኔም በሁለተኛው ሳምንት ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግራ የሄዱትን ኳሶች ሳይ እጄ ሳላውቀው ወደ ድሮው ይንሸራተታል፤ በየአምስት ኳሱ ቆሜ አንጓዬን እቆጥር ነበር። ግን አንድ ነገር ሳላዝዘው መምጣት ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ውስጥ፣ ኳሷ በግራ በኩል እየጠፋች መሆኗን ሰውነቴ ሲያውቅ፣ ትከሻዬ ከላይ መጣደፉን ቀነሰ። ማንም ምንም ሳይለው። እዚያ ላይ ነው አሰልጣኙን ያመንኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያገዝኩት በትንንሽ ነገሮች ነው። የድራይቨሩን የጨርቅ ኮፍያ ከኳሷ ውጭ በኩል፣ ትንሽ ወደ ኋላ አስቀምጬ ሳልነካው ለመምታት ሞከርኩ፤ ከውጭ ከመጣሁ ዱላው ኮፍያውን ይጠርገዋል። ኳሷን ከግራ እግሬ ጣቶች ፊት ለፊት ነበር የማስቀምጣት፤ እሷን ለመድረስ ስንጠራራ ትከሻዬ ገና ሳልንቀሳቀስ ይከፈት ነበር። ወደ ተረከዜ መለስኳት። ብዙውን ኳስ የመታሁት በግማሽ ፍጥነት ነው።

አንዱን ግን በአጋጣሚ አገኘሁት። ለእግር የሚረጨውን ነጭ ዱቄት የዱላው ፊት ላይ ነፍቼ መታሁ። ምልክቱ የተገኘው መሃል ላይ አይደለም፣ ወደ ሻፍቱ፣ የዱላው ራስ ወደተሰካበት ረጅም በትር፣ ተጠግቶ ነው። የድራይቨር የክብደት ማዕከል ከፊቱ ወደ ኋላ የራቀ ስለሆነ ኳሷ ከመሃል ውጭ ስትመታ የዱላው ራስ ይዞራል፣ ኳሷም እንደ ጥርስ ማርሽ በተቃራኒው ትሾራለች። በሻፍቱ በኩል ከመታሁ የሚጨመርላት ወደ ቀኝ የሚያጥፋት ሽክርክሪት ነው። ፊቴም መንገዴም ደህና ሆነው ኳሷ የታጠፈችባቸው ቀናት ነበሩ፤ ለካ በዚህ ነው። ጣት በማይሞላ ርቀት ከኳሷ ራቅ ብዬ ስቆም ምልክቱ ወደ መሃል መጣ።

ባለፈው ሳምንት ሲለካ መንገዱ 2 ዲግሪ ወደ ግራ ነው፣ ፊቱ 1 ዲግሪ። ኳሷ አሁንም ጥቂት ወደ ቀኝ ትወድቃለች። አሰልጣኙ እዚህ ላይ እንድቆም ይፈልጋሉ፤ 18 ታላላቅ ውድድሮችን ያሸነፈው ጃክ ኒክላውስም የሚመርጠው በቀስታ ወደ ቀኝ የምትወድቅ ፌድ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን በቀስታ ወደ ግራ የምትታጠፍ፣ በእንግሊዝኛ «ድሮው» (draw) የምትባለውን ምት መምታት እፈልጋለሁ። በዚህ አልተስማማንም።

ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር 18 ጉድጓድ ተጫወትን። ድራይቨር የመታሁት 13 ጊዜ ነው። አራቱ እንደ ድሮው ታጠፉ፤ አራቱም ጠባብ ጉድጓዶች ላይ ሲሆን እጄ ዱላውን ጨምቆ ይዞ ነበር። ሁለቱ በግራ ጠፉ። መለማመጃው ላይ የሌለ ነገር ሜዳው ላይ አለ፣ እሱን ገና አልሠራሁበትም።

16ኛው ጉድጓድ በቀኝ በኩል ሙሉ ለሙሉ ዛፍ ነው፣ ከዛፉ ጀርባ የመጫወቻው ክልል ማብቂያ ነጭ ችንካሮች አሉ። እዚያ የገባች ኳስ አንድ የቅጣት ምት አስጨምራ ወደ ቲው፣ ወደ መጀመሪያው መምቻ ቦታ፣ ትመልሳለች፤ ሦስተኛህን ከመነሻው ትመታለህ። እዚህ ጉድጓድ ላይ ስንት ጊዜ ሦስተኛዬን እንደመታሁ የሚያውቀው ጓደኛዬ ነው። ሁልጊዜ ግራውን ጠርዝ ነበር የማልመው። ቅዳሜ መሃሉን አለምኩ። አንጓዬን ቆጠርኩ፣ መታሁ፣ ድምፁ ወፈር ያለ ነበር።

ጓደኛዬ ኳሷን አልተከተላትም፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊታችን ነበረች። ቦርሳውን አንሥቶ፣ እንደ ልማዱ፣ በቀኙ ዛፎች በኩል መፈለግ ለመጀመር አቀና። ሁለት ዓመት እንዲህ ነው ያደረገልኝ፤ አንድም ቀን ሳይማረር ቅጠል ገልጧል።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ኳስህን ላይልህ ነዋ።»

«መሃል ላይ ናት።»

ቆመ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሣሩ የታጨደውን መሃል፣ ፌርዌዩን፣ ረጅም ጊዜ አየ።