ሱሉልታ ተቀምጬ የሚኒሶታውን ተጎታች ቤት ለበረዶ ወቅት ያዘጋጀንበት ምሽት

በጥቅምት ወር ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ሱሉልታ በሚገኘው የእናቴ ቤት በረንዳ ተቀምጬ ስልኬን ከውኃ ጀሪካን ጋር አስደግፌዋለሁ። በስልኩ የሚታየኝ ታናሽ ወንድሜ ሚኒሶታ ውስጥ ከቤቱ ጀርባ ቆሟል፤ እሱ ዘንድ ሰዓቱ ገና ከጠዋቱ 4 ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት ስደት በኋላ ወደ አገሬ ስመለስ ለእሱ ትቼለት የመጣሁት አርቪ፣ ማለትም አልጋ፣ ምድጃ፣ መጸዳጃና ሻወር ያለው ተጎታች ቤት፣ ከጀርባው ይታያል። እናቴም ነጠላዋን ደርባ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ሚኒሶታ በመጣችበት ዓመት ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት ያደረችው በዚያ ቤት ውስጥ ስለነበር፣ ነገሩ የእሷም ጉዳይ ነው።

እዚያ ክረምት ሲባል እንደ እኛ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አይደለም። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል፣ እስከ ሚያዝያ ድረስ ማንም የማይኖርበትና የማይሞቅ ተጎታች ውስጥ የቀረች ጥቂት ውኃ እንኳ ትልቅ ጉዳት ታደርሳለች። ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። በገዛሁት በመጀመሪያው ዓመት ሻጩ ቁልፉን ሲያስረክበኝ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አልነገረኝም፤ እኔም የምጠይቀውን አላውቅም ነበር። በረዶው ቀልጦ የውኃውን ጎማ ሰክቼ ቧንቧውን ስከፍት፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ካለው ቁም ሣጥን ውኃ እንደ ምንጭ ፈለቀ። የፓምፑ ማጣሪያ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ የመጸዳጃው ቫልቭ ተሰብሯል፣ የወለሉ ኮምፔንሳቶም ሳላየው በሰረገ ውኃ አብጧል። ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ለዚያ ጭማሪ ቦታ ሲያጣ ፕላስቲኩንም መዳቡንም ይሰነጥቃል። ለጥገናው ያወጣሁት ገንዘብ በዚያ በጋ ልጆቼን ላወጣቸው ያሰብኩበት ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ውኃውን ማስወጣት ነው። ወንድሜ የንጹሕ ውኃውን ታንከር መክፈቻ ሲያላቅቀው ውኃው ሣሩ ላይ ተንዶለዶለ። እናቴ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ «ምነው ልጄ፣ ያን ሁሉ ውኃ ሜዳ ላይ ታፈሰዋለህ?» አለችው። በሰፈራችን የቧንቧ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ እሷም ሮቶው ከሞላ በኋላ ጀሪካኖቹን፣ ከዚያም ባልዲውንና ድስቱን ሳይቀር ትሞላለች። እሱም «እማዬ፣ እዚህ ካደረ ቤቱን ያፈርሰዋል» ሲላት ዝም ብላ አየችው። ለእሷ ያ ውኃ ቢያንስ የአራት ቀን ውኃ መሆኑን ስለማውቅ እኔም መልስ አልጨመርኩም።

ቀጥሎ የመጣው የውኃ ማሞቂያው ነው፤ ጥንቃቄ የሚያሻው ቦታም ይኸው ነው። በውስጡ 23 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ሙቅ ሆኖ ሳለ ወይም ግፊቱ ሳይቀንስ መክደኛውን የፈታ ሰው ይቃጠላል። በመሆኑም ወንድሜ ማሞቂያውን ከዋዜማው አጥፍቶት አድሯል፤ ግፊቱ እንዲወጣም የሙቅ ውኃውን ቧንቧ አስቀድሜ አስከፈትኩት። መክደኛው ሲወጣ ከውኃው ጋር እንደ ኖራ የነጣ ዝቃጭ ወረደ፤ «ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ እፍኝ ያህሉን ወደ ካሜራው አስጠጋልኝ። ባለፈው ዓመት በሚገባ አላጠበውም ማለት ነው፤ ነገርኩት፣ አልተከራከረኝም።

የቀረውን በአየር ግፊት አስወጣነው። እዚህ ጎሚስታ ቤት የምናየው ዓይነት ኮምፕሬሰር በቂ ነው፤ ዳሩ ግን ግፊቱ ወደ 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ተደርጎ መያዝ አለበት፤ ለጎማ እንደሚደረገው ከፍ ቢደረግ መገጣጠሚያዎቹን ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ማሞቂያውን በሦስቱ ቫልቮች ከመስመሩ አስወጥቶ፣ ፓምፑ ሮዝ ቀለም ያለውን አንቲፍሪዝ፣ በብርድ የማይረጋውን ፈሳሽ፣ ከጀሪካኑ እየሳበ ወደ ቧንቧዎቹ እንዲያሰራጭ ማድረግ ነው። ማሞቂያው ከመስመሩ ካልተነጠለ መጀመሪያ እሱ ይሞላና ብዙ ጋሎን ይባክናል። የአንቲፍሪዙን ዓይነት ደግሜ ደጋግሜ አስነበብኩት፤ ለቧንቧው የሚሆነው ከፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠራው እንጂ፣ ለመኪና ራዲያተር የሚጨመረው ከኤትሊን ግላይኮል የተሠራው አይደለም። ይህኛው መርዝ ነው፤ ልጆች ጥርሳቸውን በሚቦርሹበት ቧንቧ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ወንድሜ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ፣ ቀዝቃዛውንም ሙቁንም፣ ሮዙ እስኪታይ ድረስ ከፈታቸው፤ በየማፍሰሻው ጉሮሮና በመጸዳጃውም ትንሽ ትንሽ ጨመረበት።

ሌላው ሥራ ቶሎ አለቀ። የጋዙን ሲሊንደር ዘጋ፣ የማቀዝቀዣውን በር እንዳይሻግት በጨርቅ ደግፎ ክፍት ተወው፣ አይጥ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ደፈነ፤ ከመደርደሪያው ጥግ የተረሳ የሽሮ ከረጢትም አወጣ። ባትሪውን ግን ፈትቶ ወደ ቤት እንዲያስገባው አጥብቄ ነገርኩት፤ በሚገባ የተሞላ ባትሪ ብርዱን ይችላል፣ ኃይሉ ያለቀ ግን ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ሊረጋ ይችላል።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተሰነባበትን። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ እንዲህ ባለ ሌሊት ሱሉልታ ላይ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። እናቴም «በጥቅምት አንድ አጥንት ያሰኘው ይኼ ነው» እያለች ገባች። ተኝቼ ሳለ የተጎታቹን ዙሪያ በሐሳቤ ስዞር፣ በግራ ጎኑ ከትንሽዋ በር ጀርባ ያለው የውጭ ሻወር ትዝ አለኝ፤ እግራችንን ከአሸዋ የምናጥብበት ነው፤ አንዳችንም አላነሣነውም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ደወልኩለት። ወንድሜ ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ ወጣ፣ ባትሪውን መልሶ ገጠመ፣ ትንሽዋን በር ከፈተ፣ የሻወሩን እጀታ ወደ ታች አዘቅዝቆ ፓምፑን አስነሣው። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ጥርት ያለ ውኃ ወጣ፤ ሮዙ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው።