የቱና ሰላጣ ለምሳ፦ ነገሩ ያለው ውሃው ላይ ነው

ምሳ ሰዓት ደርሶ ቤት ውስጥ የተሠራ ነገር ከሌለ እጄ ቶሎ የሚሄደው ወደ ቱና ጣሳ ነው። ምድጃ መለኮስ የለም። የታሸገ ቱና እዚያው ጣሳው ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት በስሎ ስለሚመጣ ከፍቶ መብላት ይቻላል። ሩብ ሰዓት ካለኝ ምሳዬ ደረሰ ማለት ነው።

ግን ለመሥራት የቀለለ ምግብ ሁሉ ይጣፍጣል ማለት አይደለም። ቱና ሰላጣ አልወድም የሚል ሰው ሳገኝ ምኑ እንደሚያስጠላው እጠይቃለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ቀጥኗል፣ ማዮኔዝ በዝቶበታል፣ ዳቦውን ያረጥበዋል፣ ዓሣ ዓሣ ይላል። የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ። ደጋግሜ ስሠራው የገባኝ ግን አብዛኛው ከአንድ ቦታ እንደሚመጣ ነው። ከውሃ። ውሃው በቁጥጥር ሥር ከዋለ ሌላውን ማስተካከል ቀላል ነው። እኔም የምሠራበትን መንገድ የምነግራችሁ ውሃውን እየተከተልኩ ነው።

ከጣሳው ልጀምር። ጣሳው ላይ ሁለት ክብደት ተጽፎ ታገኛላችሁ። አንዱ ጠቅላላው ነው፣ ሌላው ፈሳሹ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዓሣ። ለምሳሌ በብዛት ከሚታዩት መጠኖች በአንዱ ላይ 160 ግራም ይልና ዓሣው 112 ግራም ነው። ሁለት ጣሳ ከከፈትኩ ወደ 100 ግራም የሚጠጋ ፈሳሽ አብሮ ይመጣል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሰላጣው ውስጥ ከገባ ምንም ዓይነት ማዮኔዝ አያድነውም። ስገዛ ዋጋ የማወዳድረውም በሁለተኛው ቁጥር ነው። የምበላው እሱን ነዋ!

በውሃ የታሸገ ይሻላል ወይስ በዘይት? ማዮኔዝ የምጨምርበት ከሆነ በውሃ የታሸገውን እመርጣለሁ። ማዮኔዝ ራሱ አብዛኛው ዘይት ስለሆነ ዘይት በዘይት ላይ ይከብዳል። ሌላም ምክንያት አለኝ። ቱናው ዘይት ውስጥ ሲቆይ ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ቅባቱ በከፊል ወደ ዘይቱ ይወጣል። ዘይቱን ስናፈስ እሱም አብሮ ይሄዳል። ውሃና ቅባት ስለማይዋሃዱ በውሃ በታሸገው ላይ ይህ ብዙም አይታይም። ያለ ማዮኔዝ የምሠራ ከሆነ ግን በዘይት የታሸገውን እገዛለሁ። ዘይቱንም አልደፋውም፣ ከሎሚ ጋር መትቼ እዚያው ሰላጣው ላይ አፈሰዋለሁ።

የዓሣው ዓይነትም ለውጥ አለው። በ1903 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ቱና በጣሳ መታሸግ ሲጀምር የታሸገው አልባኮር የሚባለው ነጩ ቱና ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚታሸገው ስኪፕጃክ ነው፣ ጠቆር የሚለውና መጠኑ አነስተኛ የሆነው። ነጩ ሥጋው ጠንከር ያለ፣ ጣዕሙም ለስለስ ያለ ስለሆነ ለሰላጣ ደስ ይላል። ግን ትልቅ ዓሣ ስለሆነ በውስጡ የሚከማቸው ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት ከስኪፕጃኩ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ለዚህ ነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ጠቆር ያለውን የታሸገ ቱና በሳምንት ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ነጩን ግን 1 ጊዜ ብቻ እንዲበሉ የሚመክረው። አንዱ ጊዜ ሲባል 113 ግራም ገደማ ነው። እኔ ለዘወትር የምጠቀመው ስኪፕጃክ ነው። ጥሩ አድርገው ከሠሩት ከነጩ አያንስም።

አሁን ወደ መጭመቁ። ብዙ ሰው የተከፈተውን ክዳን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ጣሳውን ይዘቀዝቅና በቃ ይላል። ያ መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም። እኔ ቱናውን ወንፊት ላይ ገልብጬ በማንኪያ ጀርባ ቀስ እያልኩ እጫነዋለሁ። መጀመሪያ ጠራ ያለ ውሃ ይወርዳል። ቀጥሎ ደፍረስ ያለው ይመጣል። ከዚያ ጠብታው እየተራራቀ ይሄድና ያቆማል። ያኔ ዓሣውን ስታዩት ያ እርጥብ ማብረቅረቁ ጠፍቶ ደብዘዝ ብሏል፣ በጣት ሲነካም አያረጥብም። የምፈልገው እሱን ነው። እንዲህ የተጨመቀ ቱና እንደ ደረቅ ስፖንጅ ነው፣ የሰጣችሁትን ጣዕም ሁሉ ይጠጣል። ውሃ የጠገበው ግን ሎሚውንም ሰናፍጩንም አያስገባም። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚጠፋውን ሁለት ደቂቃ አልሰስትም። ከጠቅላላው ሥራ አንዱን ብቻ በደንብ ሥሩ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ቱናው ወንፊቱ ላይ እያለ ሽንኩርቱን እይዛለሁ። ግማሽ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ጣሳ ይበቃል፣ ግን በጣም ደቅቆ መከተፍ አለበት። ጥሬ ሽንኩርት የሚያቃጥለው ስንከትፈው በውስጡ ያሉት የድኝ ውህዶች ስለሚለቀቁ ነው። የተለመደው መፍትሔ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ነው። ይሠራል፣ ማቃጠሉን ይቀንሳል። ግን ውሃ ለማውጣት ስንታገል እንደገና ውሃ እየጨመርን ነው። እኔ የምወደው ሌላ መንገድ አለ። የተከተፈውን ሽንኩርት ሰላጣው ውስጥ በምጨምረው ሎሚ እዘፈዝፈዋለሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ቁንጥር ጨው ይበቃዋል። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ሽንኩርቱ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ ያ አፍንጫ የሚገባው ኃይሉ ይበርዳል። ከዚያ ከነጭማቂው ወደ ሰላጣው ይገባል። ምንም የሚደፋ ነገር የለም።

ሎሚው ሌላም ሥራ አለው። የዓሣ ሽታ በዋናነት የሚመጣው አሚን ከሚባሉ ውህዶች ነው። እነዚህ አሲድ ሲያገኙ እየተነኑ ወደ አፍንጫችን መምጣታቸውን ያቆማሉ። ስለዚህ ሽታው ለሚከብደው ሰው መድኃኒቱ ማዮኔዝ ማብዛት ሳይሆን ሎሚ ነው። ችግሩ ሎሚም ፈሳሽ መሆኑ ነው፣ ሲበዛ ያቀጥናል። የበለጠ የሎሚ ጣዕም ከፈለግኩ ልጣጩን በመፈቅፈቂያ ትንሽ ፈቅፍቄ እጨምራለሁ። መዓዛው ያለው እዚያ ላይ ነው፣ ጠብታ ውሃም አይጨምርም። ነጩን ክፍል ብቻ አትንኩ፣ ይመራል።

ሶሱን ለብቻው ነው የማዘጋጀው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ ደህና አድርጎ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ ሽንኩርቱ ከነሎሚው። ይህን አማስዬ ከቀመስኩ በኋላ ነው ቱናው የሚገባው። ሁሉንም አንድ ላይ ደፍቶ ማማሰል ለምን አልወድም? ሰናፍጩና ሎሚው በእኩል እስኪዳረሱ ድረስ ስናማስል ዓሣው ተፈጭቶ ያልቃል። ሶሱ ቀድሞ ከተዋሃደ ግን ቱናውን በሹካ ጥቂት ጊዜ ማገላበጥ ይበቃል። እኔ ጥፍር የሚያህሉ ቁርጥራጮች በሰላጣው ውስጥ እንዲታዩ እፈልጋለሁ። ዓሣ እየበላሁ መሆኔ ሊሰማኝ ይገባል።

ማዮኔዝ ለምን እንደሚቀጥን ማወቄ ብዙ ረድቶኛል። ማዮኔዝ ማለት በጣም ደቃቅ የዘይት ጠብታዎች በጥቂት ውሃና አሲድ ውስጥ ተበትነው በእንቁላል አስኳል ተይዘው የቆሙበት ነገር ነው። የሚወፍረው ጠብታዎቹ ተጨናንቀው ስለሚቀመጡ ነው። ውሃ ሲገባበት ይራራቃሉ፣ ይላላል። በደንብ ያልተጨመቀ ቱና ላይ ማዮኔዝ ሲደረግ የሚሆነው ይኸው ነው። ሰላጣው ቀጠነ፣ ጣዕሙም ሳሳ። ያኔ ሰው ምን ያደርጋል? ማዮኔዝ ይጨምራል። ቅባቱ በዛ እንጂ ውሃው የትም አልሄደም። ሦስት ማንኪያ አነሰኝ ካላችሁ መጀመሪያ ወንፊቱን አስቡ።

ማዮኔዝ የሚከብደው ሰው ግማሹን በወፍራም እርጎ ቢተካ ጥሩ ይሆናል። ወፍራም ማለቴን ልብ በሉ። ቀጭኑ እርጎ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ ይምጣ። አቮካዶም ይሆናል፣ ግን እሱ ቶሎ ስለሚጠቁር ወዲያው የሚበላ ከሆነ ብቻ ነው።

ከዚያ የሚንኮሻኮሸው ነገር። ያለሱ ሰላጣው ልስልስ ብሎ አፍ ይሰለቸዋል። የእኔ ምርጫ ሴለሪ ነው፣ አንድ ዘለላ በደቃቁ ተከትፎ። የሚገርመው ሴለሪም ኪያርም 95 በመቶ ገደማ ውሃ ናቸው። ሴለሪ ግን ውሃውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ኪያር ቶሎ ይለቀዋል። ኪያር ብቻ ካለ ለሁለት ሰንጥቄ የመሐሉን ፍሬ በማንኪያ እጠርገዋለሁ። ከትፌ ትንሽ ጨው ነስንሼ 10 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ጨው ውሃውን ስቦ ያወጣዋል። ከዚያ ጨምቄ እጨምረዋለሁ። ካሮትም ጥሩ ነው። ቲማቲምን ግን ከሰላጣው ጋር አላቀላቅልም። እወደዋለሁ፣ ግን ቦታው ጎን ላይ ነው። ተቆርጦ ከጨውና ከሎሚ ጋር ከተዋሃደ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሳህኑ ሥር ኩሬ ይሠራል።

እንቁላል ካማረኝ ሁለት ቀቅዬ በሻካራው ከትፌ እጨምራለሁ። ውሃው ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ይበቃል፣ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ። አስኳሉ ዙሪያ የሚታየው አረንጓዴ ቀለበት ብዙ በመቀቀሉ የሚመጣ ነው። የአስኳሉ ብረትና የነጩ ድኝ ሲገናኙ የሚፈጠር ሲሆን ጉዳት የለውም። ግን ሽታ አለው፣ ከዓሣ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ጨው መጨረሻ ላይ ነው። ቱናውም ማዮኔዙም ሰናፍጩም ከነጨዋቸው ነው የሚመጡት። ሳይቀምሱ ጨው መነስነስ በዚህ ምግብ ላይ አያዋጣም። ሰላጣው ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ቢያርፍ ጣዕሙ ይዋሃዳል። ቅዝቃዜ ጨውን ስለሚያደበዝዝ የመጨረሻውን ቅምሻ የማደርገው ከፍሪጅ ሲወጣ ነው።

ስለ ጤናው ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ያበጠ ጣሳ አይከፈትም፣ ወደ ቆሻሻ ነው። ስፌቱ ላይ ክፉኛ የተጨረመተውም እንዲሁ። ከተከፈተ በኋላ የተረፈው ቱና ጣሳው ውስጥ አይቀመጥም፣ ክዳን ወዳለው ዕቃ ይገለበጣል። የተሠራው ሰላጣ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከ1 ሰዓት። ብዙ ሰው ጥፋቱን በማዮኔዙ ያላክካል። ተገዝቶ የሚመጣው ማዮኔዝ ግን አሲድ ስላለው እሱ ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው ዓሣውና እንቁላሉ ሙቀት ላይ መቆየታቸው ነው። ቱና ሙቀት ላይ ሲቆይ ሂስታሚን የሚባል ነገር ሊፈጠርበት ይችላል። ፊት ያቀላል፣ ራስ ያሳምማል፣ መልሶ ማብሰልም አያጠፋውም። ቱናው ምላስ ላይ ቃሪያ የበላችሁ ያህል ካቃጠላችሁ አትቀጥሉ፣ ድፉት።

ለምሳ ይዤ የምወጣ ከሆነ ሰላጣውንና ዳቦውን ለየብቻ እቋጥራለሁ፣ ሰላጣው ጎንም በረዶ የሆነ ነገር አስቀምጣለሁ። ቤት ከሆንኩ ዳቦውን ጠበስ አድርጌ መጀመሪያ በደንብ የደረቀ የሰላጣ ቅጠል አነጥፋለሁ። ቱናው ከቅጠሉ በላይ ይቀመጣል። ቅጠሉ እርጥበቱን ስለሚከለክል ዳቦው እስከ መጨረሻው ጉርሻ አይላሽቅም።

የተረፈው ከ4 ዲግሪ በታች በሆነ ፍሪጅ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ፍሪዘር ውስጥ ግን አታስገቡት፣ ሲቀልጥ ማዮኔዙ ዘይትና ውሃ ሆኖ ይለያያል። በማግስቱ ስከፍተው የቱንም ያህል ብጨምቀው ሥሩ ላይ ትንሽ ፈሳሽ አይጠፋም። መልሼ አላማስለውም፣ ዕቃውን ዘንበል አድርጌ አፈሰዋለሁ። ከዚያ ትኩስ ሴለሪና የተፈቀፈቀ የሎሚ ልጣጭ እጨምርበታለሁ። ከዚያም ካደረ፣ ዳቦ ላይ ደልድዬ አይብ እነሰንስበትና አይቡ እስኪቀልጥ ድረስ ምድጃ ውስጥ አስገባዋለሁ።