ዶሮውን ማን ይሠራዋል?

ከቤት የወጣሁት ስለደበረኝ ነው እንጂ የሚገዛ ነገር ቀርቶ አልነበረም። ሽንኩርቱ ተከትፏል። ቅቤው ተነጥሯል። ጠላው ደርሷል። እማዬ መደቡ ላይ ተቀምጣ "ይሄን አንሺ፣ ያን ክደኚ" ትላለች። ትንሿ እህቴ ቁሌቱን ይዛለች፣ ሰው አታስጠጋም። እኔ መሐል ላይ ቆሜ እጄን የማሳርፍበት አጣሁ። በዓል ሲመጣ እንዲህ ያደርገኛል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ብሷል። ምክንያቱን ዛሬ አላነሳውም። "የሻይ ብርጭቆ ጎድሎናል፣ ልግዛ" ብዬ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።

የታኅሣሥን ደብረ ማርቆስ ታውቋታላችሁ። ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ያቃጥላል፣ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው፣ ከላይ ደግሞ የጮቄ ተራራ አለ። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28፣ በሌሎቹ ዓመታት 29 ይውላል። ዋዜማው ግን መቼም ቢውል አንድ ዓይነት ነው። ሰው ሁሉ ይጣደፋል። ባጃጁ ይጮኻል፣ ጋሪው መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፣ በግ የያዘ ሰው በጉን እየጎተተ በጉ ደግሞ እሱን እየጎተተው ያልፋል።

መጀመሪያ ወደ ባዛሩ ሄድኩ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ድምፅ ማጉያው ተሰቅሏል። ብርድ ልብስ፣ የሕፃናት ጫማ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ድስት፣ ቴርሞስ፣ የሚያበራ ሰው ሠራሽ ጥድ። ባዛር ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲጠፋ፣ ሁሉም በጊዜ ቤቱ ሲከተት ኖረናል። አሁን ልጆች በእናታቸው እጅ ተይዘው መብራት ሲያዩ፣ ወጣቶች ተሰብስበው ፎቶ ሲነሱ ሳይ ሆዴ ይርዳል፣ በደስታም በስጋትም። ሰው ለመገናኘት ምክንያት ያስፈልገዋል። እኔም እዚያ ሁለት የድሮ ተማሪዎቼን አገኘሁ። አንዷ አግብታለች። "ቲቸር አልተለወጥሽም" አለችኝ። ተሳሳምን።

ብርጭቆ ግን ከልቤ አልፈለግሁም። ከባዛሩ ወጥቼ እግሬ እንዳመራኝ ወደ ገበያው ወረድኩ።

እውነተኛው ዋዜማ ያለው እዚያ ነው። በበጉ በኩል ወንዶቹ ተሰብስበዋል። ከምዕራብ ጎጃምና ከአዊ በኩል የመጣውን የዋሸራ በግ እያገላበጡ ያያሉ። ቀንድ የሌለው፣ ፀጉሩ አጭር፣ መልኩ ወደ ቀይ ቡኒ የሚያደላው በግ ነው። ላቱን ይመዝናሉ፣ ወገቡን ይጫናሉ፣ ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዋጋ ይከራከራሉ። ነጋዴ ነኝ ያለውም ገበሬ ነኝ ያለውም እኩል ይምላል። ከእነሱ ወዲያ በርበሬው አለ፣ የቡሬና የወንበርማ ነው ይሉታል፣ ሩቅ ሆኖ ያስነጥሳል። ከዚያ ጌሾ፣ ቄጤማ፣ ጧፍ።

ከዚያ ሴቶቹ። ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው፣ እንቁላል በጭድ ውስጥ ቀብረው፣ ዶሮ እግሯን አስረው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው የሚያልፈው ሰው አቧራውን ያነሳባቸዋል። ጥላ የላቸውም፣ ጥላ የሚሆናቸው የራሳቸው ዣንጥላ ነው። ገዢው እንቁላሉን ጆሮው ስር ነቅነቅ ያደርጋል። ቅቤውን ያሸታል፣ "በሳል ነው ወይስ ለጋ?" ይላል። ዶሮውን አንስቶ ደረቱን ይዳብሳል፣ ላባውን ገልጦ ያያል። አንዱ ቀይ ካልሆነ አልገዛም ይላል፣ አንዱ ገብስማ ይፈልጋል። ሴቶቹ ይሄን ሁሉ ችለው "ውሰደው፣ አይቆጭህም" ይላሉ።

ወደ ማታው እየተጠጋ ነበር። አብዛኞቹ ሸጠው ጨርሰዋል። ግን አልተነሱም። መጀመሪያ አልገባኝም። እንስራውን፣ ቅርጫቱን፣ ባዶውን ጆንያ አጣጥፈው አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠዋል። ለካ አንዷን እየጠበቁ ነው። አንድ አውራ ዶሮ ቀርቷታል። መንገዱን ለብቻ ስለማይሄዱት እሷ እስክትሸጥ ሁሉም ይቀመጣሉ። አንድ ሰውዬ ዋጋ ይሰብራል፣ እሷ አትቀንስም። እሱ ሄዶ ይመለሳል፣ እሷ ያው ናት። ከአጠገቧ ያሉት አንድ ቃል አይናገሩም። "ስጪውና እንሂድ" ያለ የለም። ይሄ ነገር ልቤን ነካው። ፀሐዩ እየሄደ ነው፣ የሁሉም ቤት እየጠበቀ ነው፣ ግን ዋጋዋን እንድትጥል ያስገደዳት ሰው አልነበረም።

ጠጋ አልኳት።

"እታለም፣ ቤታችሁ ሩቅ ነው?"

"ከእነራታ በላይ ነው" አለችኝ፣ በእጇ ወደ ጮቄ በኩል እያሳየች።

"ታዲያ መቼ ልትደርሱ ነው? ዶሮው መቼ ሊሠራ?"

"እሽ፣ እንደርሳለን። የኔን ልጅቱ ትሠራዋለች። አባቷ ያርድላታል፣ ቀሪው የሷ ነው።"

"ትልቅ ልጅ አለችሽ ማለት ነው?"

"አሥራ ሁለት ልትይዝ ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት አንድ ሳታበላሽ ለይታ ታወጣለች!" ፊቷ በራ። "አንድ ዶሮ አስቀርቼላታለሁ።"

ከዚያ አንድ ወጣት መጣና ብዙም ሳይከራከር ዶሮውን ገዛት። ብሩ በእጁ አልነበረም፣ በቴሌብር ልላክ አለ። ስልክ ያላት ከመሐላቸው አንዷ ብቻ ናት፣ የሁሉንም እሷ ትቀበላለች። ቁጥሯን ነገረችው፣ መልእክቱ ሲገባ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ቴሌብር በ2013 ሲጀመር ለከተሜው ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን አንድ ስልክ የአንድ መንደር ሴቶች ኪስ ሆኖ አየሁት። ማንም ማንንም አልተጠራጠረም። ተነሱ። ወደ ሱቁ ሄደው ጨው፣ ሳሙና፣ ቡና ገዙ፣ አንዷ ደብተርና እስክሪብቶ ጨመረች። ከዚያ ተከታትለው ወደ ላይ ወጡ።

እኔ ግን ያቺ ልጅ ከሐሳቤ አልጠፋ አለችኝ።

አሥራ ሁለት ልትይዝ ነው። በዚህ ሰዓት ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ዓይኗ ያለቅሳል። ታናናሾቿ ምድጃው ዙሪያ ናቸው። አባቷ ዶሮውን አርዶ ይሰጣታል፣ እሷ በፈላ ውኃ ትነጫለች፣ ትለበልባለች፣ ትበልታለች፣ ደጋግማ ታጥባለች። እኔ በእሷ ዕድሜ ከእማዬ ጀርባ ቆሜ ነበር የማየው። ሳህን አቀብል ነበር እንጂ ድስቱን የሚያስነካኝ አልነበረም። የመጀመሪያ ዶሮዬን የሠራሁት ኮሌጅ ከጨረስኩ በኋላ ነው፣ ያኔም እማዬ አጠገቤ ቆማ "አሁን ቅመሙን፣ አሁን እንቁላሉን" እያለች ነው። የዚያች ልጅ እናት ግን በዚያው ሰዓት ማርቆስ ገበያ ተቀምጣ የእኛን በዓል ትሸጥልናለች።

እንዲህ ሳስብ "ለምን ቀደም ብለው አይመጡም?" የሚል ነገር መጣብኝ። ከሦስት ቀን በፊት ቢሸጡ ለዋዜማው ቤታቸው ይሆኑ ነበር። ግን መልሱን አውቀዋለሁ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጾሙ ወራት ዶሮ ፈላጊ የለውም። ዋጋ የሚያወጣው ዋዜማው ነው። ዶሮና እንቁላል ደግሞ በገጠር የሴት ገንዘብ ነው። እህሉን፣ በሬውን፣ በጉን ባል ይሸጣል፣ ገንዘቡም በእሱ እጅ ያልፋል። ዶሮዋን ግን እሷ ታሳድጋለች፣ እሷ ትሸጣለች፣ ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለልጅ ደብተር እሷ ታወጣዋለች። ስለዚህ ከነሐሴ ጀምሮ ያንን አውራ ዶሮ ከሸለምጥማጥ ትጠብቀዋለች፣ ጥሬ ትበትንለታለች። ፈንግል ከገባ በአንድ ሳምንት ደጇን ባዶ ያደርገዋል፣ የወራት ልፋት አፈር ይሆናል። ከተረፈላት ደግሞ ከተማው መግቢያ ላይ ነጋዴው ቆሞ ይጠብቃታል፣ በርካሽ ተቀብሎ እዚያው ገበያ ውስጥ መልሶ በውድ ይሸጠዋል፣ ወይም በደጀን በኩል ዓባይን አሻግሮ አዲስ አበባ ያደርሰዋል። ነጋዴውን ትታ፣ እራሷ ተቀምጣ፣ ዋዜማውን ጠብቃ ብትሸጥ ነው ልፋቷ የሚታየው። ያ ማለት ግን ከራሷ ምድጃ መራቅ ነው።

በዓሏን ሸጣ በዓል ትገዛለች ማለት ነው።

ድሮ እማዬ ለዚህ የራሷ መላ ነበራት። የስናን ወረዳ ሴት ነበረች ደንበኛዋ፣ ቅቤና እንቁላል የምታመጣላት። ዋዜማ ጠዋት ከገበያ በፊት ቀጥታ እኛ ቤት ትመጣለች። እማዬ ያመጣችውን ሁሉ፣ የሚያስፈልገንንም የማያስፈልገንንም፣ በገበያ ዋጋ ትይዝላታለች። ቡና ይፈላል። ከዚያ የተረፈውን ቅቤና እንቁላል እማዬ ለጎረቤት ታከፋፍላለች፣ ብሩን ከእነሱ ትሰበስባለች። ሴትየዋ ስኳርና ጧፍ ይዛ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት መንገድ ላይ ናት። እማዬ በር ድረስ ሸኝታ "ሂጂ፣ ቤትሽ ይጠብቅሻል" ትላታለች። ልጅ ሆኜ ይሄ ተራ ነገር ይመስለኝ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ቅርጫ እንደሚገባው፣ በሬ ገዝቶ በየመደቡ ከፋፍሎ እጣ እንደሚጥለው፣ እማዬ የዚያችን ሴት ቀን ከሰፈሩ ጋር ትካፈለው ነበር።

አሁን እማዬ ገበያ አትወጣም። ጉልበቷ አይፈቅድላትም። ሰፈሩም ተለውጧል፣ ግማሹ ተከራይ ነው፣ ማን ከማን ጋር ቅቤ እንደሚካፈል እንኳ አላውቅም። ግን መላው አልጠፋም ብዬ አስባለሁ። አንድ ሰፈር ከአንድ መንደር ሴቶች ጋር ቢነጋገር፣ ስልክ አለ፣ ብሩ በስልክ ይገባል፣ ስንት ዶሮና ስንት ኪሎ ቅቤ እንደሚፈለግ ከሳምንት በፊት ይታወቃል። ዋጋው የዋዜማ ዋጋ ይሁን፣ ርክክቡ ግን ጠዋት ያልቅ። እንዲህ ብናደርግ ማን ይጎዳል? መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ነጋዴ ብቻ ነው።

ሌላው ደግሞ ያ ድንኳን ነው። ለብርድ ልብስና ለቴርሞስ ድንኳን ተክለን፣ መብራት ስበን፣ ሙዚቃ አስገብተናል። ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ለእንቁላሏ ግን ጥላ የለንም። ውኃ የለም፣ መፀዳጃ የለም። ከሌሊት ጀምራ ተጉዛ የመጣች ሴት ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደምትሆን አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሴት ስለሆንኩ አስባለሁ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሠርተው መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ካሰኟት ጊዜ ጀምሮ ይህች ከተማ የምትበላው ከጎዛምንና ከስናን፣ ከማቻከልና ከአነደድ በሚመጣው ነው። ቢሮውም፣ ኮሌጁም፣ ካፌውም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የሚመግበን ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የቻይና አበባ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ ያንገበግበኛል። ይሄን የምለው ተናድጄ ነው፣ አዎ። መናደድ ይገባኛል።

እና አሁን ሌሊት ነው። ትንሿ ለቅዳሴ ነጠላዋን እያዘጋጀች ነው፣ ወጡ በርዶ ተከድኗል። እኔ ግን ከዚያች ሴት ቃል አንዱን ይዤ ቀርቻለሁ። "አንድ ዶሮ አስቀርቼላታለሁ" ነው ያለችኝ። የትኛውን?

ዋጋ የምትጠብቅ ሴት ትልቁን ነው ወደ ገበያ የምታመጣው። አምሮ የተቀመጠውን፣ ቁንጮው የቀላውን። ያቺ ሴት እስከ መጨረሻ አልቀንስም ያለችበት ዶሮ ደኅና ዶሮ ነበር። እንዲህ ከሆነ ቤት የቀረው ትንሹ ነው፣ ልጅቱም ያንኑ ለቤተሰቡ ሁሉ እንዲበቃ አድርጋ ትሠራዋለች። ግን ደግሞ ያ ፊቷ። አሥራ ሁለቱን ብልት ስትል እንዴት እንደበራ አይቻለሁ። ብቻዋን ለምትሠራ ልጅ እናት ትንሹን ትተዋለች? ምናልባት ትልቁን፣ ብልቱ የሚለይላትን፣ እጇ የማይሳሳትበትን ትታላት፣ ለእኛ ሁለተኛውን አምጥታ ይሆናል።

ገጠር ያደጋችሁ ንገሩኝ፣ እናታችሁ ለዋዜማ ወደ ገበያ ስትወርድ ቤት የሚቀረው የትኛው ነበር?