የቤከር ባሩድና የእኛ ብረት

16 ድራም (ድራም የባሩድ ክብደት የሚለካበት አሃድ ነው) ባሩድ የሚጎርስ ጠመንጃ ያዘዙን ደንበኛ ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ። ቨርጂኒያ ውስጥ በአፈሙዛቸው የሚጎርሱ የአደን ጠመንጃዎችን በትእዛዝ በሚሠራ አነስተኛ ዎርክሾፕ ውስጥ ብረት የሚቆርጡት ማሽኖች፣ የቶርኖና የፍሬሳው ሥራ የእኔ ነው፤ አለቃዬ ደግሞ በዚህ ሙያ ያረጀ ሰው ነው። ሰውዬው የእንግሊዛዊውን አዳኝ የሳሙኤል ቤከርን ማስታወሻዎች ደጋግመው ከማንበባቸው የተነሣ፣ ኢትዮጵያዊ መሆኔን እንደሰሙ ስለ ሰቲት ወንዝ ጠየቁኝ። ቤከር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1861 እና በ1862 ተከዜ ሰቲት በሚባልበት ቆላ አድኗል። የአካባቢው የሐምራን ጎሳ ፈረሰኞች ባሩድ የሚባል ነገር ሳይነኩ የዝሆንን የኋላ እግር ጅማት በሰይፍ እየቆረጡ ይጥሉት እንደነበርም የጻፈው ራሱ ነው። ይህን ሳስታውሳቸው ብዙም ደስ አላላቸውም፤ እርሳቸው የመጡት ለባሩዱ ነውና።

16 ድራም ከአየር የመጣ ቁጥር አይደለም። የብሪስቶሉ ጠመንጃ ሠሪ ጊብስ በ1840 ለቤከር የሠራለት፣ ቤከርም በሲሎን (በዛሬዋ ስሪላንካ) ያደነበት ጠመንጃ የሚጎርሰው ይህንኑ ያህል ሲሆን፣ በክብደት አንድ ሙሉ ኦውንስ ወይም 28 ግራም ገደማ ጥቁር ባሩድ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ያ ጠመንጃ 21 ፓውንድ፣ ማለትም ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ይመዝን ነበር፤ ቤከርም ጠመንጃ የሚሸከሙለት ሰዎች ነበሩት። ደንበኛችን ተሸካሚ ስለሌላቸው የእርሳቸው ባለ 8 ቦር (ቦር የበርሜል ቀዳዳ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከ12 ፓውንድ እንዳይበልጥ አዘዙ። የጠመንጃው ክብደት ሲቀንስ ሲተኮስ ትከሻን የሚመታው ግፊያ ወዴት እንደሚሄድ ለማንም ጠመንጃ ሠሪ የሚነገር አይደለም፤ አለቃዬ ግን ትእዛዙን ዝም ብሎ ጻፈው።

እኔን ያሳሰበኝ ከትከሻቸው ይልቅ በርሜሉ ነበር። ያመጡት ራሳቸው ሲሆኑ፣ 12ኤል14 የሚባለው የብረት ዓይነት ነው ከሚል ወሬ በቀር የብረቱን ማንነት የሚገልጽ ወረቀት አልነበረውም። ይህን ብረት ቶርኖ ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ እርሳስ ስላለበትና ድኙም ስለሚበዛ እንደ ቅቤ ይቆረጣል። ሆኖም ለመቁረጥ የሚያመቸው ያው ድኝ ከማንጋኒዝ ጋር ተዋህዶ፣ ብረቱ በሚሳብበት ጊዜ በርዝመቱ ቀጫጭን መስመር እየሠራ ይቀራል፤ የባሩዱ ግፊት ደግሞ በርሜሉን ለመሰንጠቅ የሚሞክረው በዚሁ በርዝመቱ በኩል ነው። በቀዝቃዛው የተሳበ ከሆነም በውስጡ የታመቀው ውጥረት በሙቀት እስካልተፈታ ድረስ አብሮት ይኖራል፤ የአደኑ ወቅት ብርድ መሆኑም ለእንዲህ ያለው ብረት የሚያግዝ አይደለም። በሌላ በኩል በዚህ ብረት የተሠሩና ለዓመታት ያለ እክል የተተኮሱ በርሜሎች ብዙ መሆናቸው እውነት ነው። አለቃዬም ሲሠራ የኖረው በዚሁ ስለሆነ፣ በብረቱ ላይ የተናገርሁትን ሁሉ በእርሱ ላይ እንደተነገረ ይወስደው ነበር።

ያቀረብሁት አሳብ ሁለት መንገድ ነበረው፦ ወይ ምስክር ወረቀት ያለው፣ በሙቀት የታከመ 4140 ክሮም ሞሊብዲነም ብረት ገዝተን አዲስ በርሜል እንሥራ፤ ወይም ያለውን በማግኔት የስንጥቅ ምርመራ ለሚያደርግ ላቦራቶሪ እንላከው። አለቃዬ የመጀመሪያው ብዙ መቁረጫ ይፈጃል፣ ሁለተኛው ገንዘብ ይፈጃል ብሎ ሁለቱንም ዘጋቸው። የተሳካልኝ በኋላ ማነጣጠሪያው ብቻ ነው። ባሩዱ ከሚያርፍበት ከጉርሻው ቤት ብዙም ሳይርቅ በርሜሉን በፍሬሳ ሰርስሬ እንድተክለው ታዝዤ ነበር፤ አምስት ሚሊሜትር ከሩብ ገደማ ውፍረት ካለው ግድግዳ ላይ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ማንሣት ግማሹን መጣል መሆኑን በካሊፐር ሳሳየው፣ ሳይሰረሰር ከላይ በብየዳ እርሳስ እንዲጣበቅ ተስማማ።

የባሩዱን መጠን ለመወሰን በሙያው የቆየ ቀመር አለ፦ የበርሜሉ ቀዳዳ ለሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪዩቢክ ኢንች 11.5 ግሬይን (ግሬይን ከድራም የሚያንስ የክብደት መለኪያ ነው)። ይህ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ባሩድ ብዙም ፍጥነት ሳያተርፍ ጭስና ግፊያ እንደሚሆን የሚያመለክት እንጂ የደኅንነት ወሰን አይደለም፤ ስለ ጥቁር ባሩድ ብቻ የሚናገር መሆኑም መዘንጋት የለበትም፣ ጭስ አልባ ባሩድ እንዲህ ባለ ጠመንጃ ውስጥ ቦታ የለውምና። ለ34 ኢንቹ በርሜል ሲሰላ 214 ግሬይን መጣ፤ ከ8 ድራም በጥቂቱ ያነሰ ነው። አለቃዬም ይህን የመጨረሻው የዘወትር መጠን ብሎ መዘገበ። እንደ ልማዱም እጥፉን፣ 428 ግሬይን ባለ አንድ ኤፍ (ቅንጣቱ ትልቅ የሆነ) ባሩድና ሁለት የእርሳስ ጥይት አጉርሶ፣ በርሜሉን ከአሮጌ ጎማ ጋር ጠፍሮ፣ ሁላችንም ከግንብ ጀርባ ሆነን በረጅም ገመድ ተኮሰው።

በርሜሉ ቻለ። ውስጡንም ውጭውንም ለካሁት፤ ያበጠም የተለወጠም ነገር አልነበረም። በሙከራው ላይ የተገኙት ደንበኛ ማይክሮሜትሩን ከእጄ እስካስቀምጥ ድረስ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

«ስንት ነበር የጎረሰው?»

«428 ግሬይን።»

«16 ድራምስ ስንት ግሬይን ይሆናል?»

«437 ገደማ።»

«ታዲያ በሁለት እርሳስ የቻለውን በአንድ እርሳስ አይችልም ልትለኝ ነው?»

አለቃዬ ሳቀ። ጥያቄው ብልህ ጥያቄ መሆኑን አልክድም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም እርሱ ሲስቅ መልስ የሌለኝ መምሰሌ ነው። መልሱ ግን ነበረኝ፣ ሰጥቻቸዋለሁም። «ሙከራው የሚያሳየው በርሜሉ ከዘወትር ሥራው በላይ የሆነ ጫና አንድ ጊዜ መሸከሙን ነው» አልኋቸው። «እርስዎ የሙከራውን ጫና የዘወትር ካደረጉት በሁለቱ መካከል የነበረው መተማመኛ ይጠፋል። አንድ ቀን እርሳሱ ባሩዱ ላይ ሳያርፍ መሐል መንገድ ቢቀር፣ ወይም በጥድፊያ ሁለት ጊዜ ቢያጎርሱት፣ የሚያተርፍዎ ያ ልዩነት ብቻ ነው።» በምሳሌነትም የደቡባዊው አፍሪካ አዳኝ ሴሉስ ባለ 4 ቦር ጠመንጃው ከከሸፈበት በኋላ ረዳቱ በጉርሻው ላይ ጉርሻ ጨምሮበት፣ ሲተኩስ ከመሬት ተነሥቶ እንደወደቀ ነገርኋቸው።

«ሴሉስ ግን አልሞተም» አሉኝ፤ «ጠመንጃውም አልፈነዳም።»

አለቃዬ በዚህ ጊዜ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የአዳኞቹን አንባቢ በአዳኞቹ መጽሐፍ መርታት እንደማይቻል የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝም አልሁ።

የእንጨቱ ሥራ ተጠናቅቆ ደንበኛው ጠመንጃውን ሲረከቡ፣ አለቃዬ ከ8 ድራም እንዲጀምሩ ለመናቸውና እሺ አሉ። ቆመው ተኮሱ። ጭሱ ሲገልጥ ሰውዬው ከቆሙበት ወደ ኋላ ሄደዋል፣ ባርኔጣቸውም ወድቋል። ሰደፉን ሣር ላይ አቁመው ለአፍታ ካሰቡ በኋላ፣ «ለመሆኑ ቤከር ራሱ ክብደቱ ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የናስ መስፈሪያ ይዘው መጡና 6 ድራም ላይ ምልክት እንዳደርግላቸው አዘዙኝ። ስለ 16 ድራም ማንም አላነሣም፣ እርሳቸውም ሆኑ እኔ።

ታሪኩ በዎርክሾፑ የሚነገረው ታዲያ «12ኤል14 ጥሩ ብረት መሆኑ የተረጋገጠበት ቀን» ተብሎ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የስንጥቅ ምርመራው አልተደረገም፤ በርሜሉ ደጋግሞ ይሸከመው የነበረው ጫናም ሳይመጣበት ቀርቷል፤ ያዳነው የባለቤቱ ትከሻ ነው። አንድ ሙከራ በርሜሉ በዚያች ቅጽበት አለመሰንጠቁን እንጂ በየዓመቱ በብርድ እየተተኮሰ ምን እንደሚሆን አይነግርም። ይህን ብዬ ብዬ ሰልችቶኛል፤ ጠመንጃው ደኅና ሆኖ በየዓመቱ ለጽዳት ሲመጣም ንግግሬን የሚያግዝልኝ ነገር የለም።

ሆኖም ከዚያ ወዲህ ቀዳዳው ከ12 ቦር ለሚሰፋ ሥራ ሁሉ የሚታዘዘው ብረት 4140 ሆኗል፣ ከነምስክር ወረቀቱ። አለቃዬ የሚሰጠው ምክንያት ደንበኞች ወረቀት ይወዳሉ የሚል ነው። ዋጋው ለምን እንደተወደደ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ግን ስለ ድኙ መስመር፣ በቀዝቃዛው ስለመሳብና ስለ ብርዱ፣ እኔ በነገርሁት ቅደም ተከተል አንድም ሳይዘነጋ ያስረዳል። ጠንካራው ብረት የሚፈጃቸውን መቁረጫዎች በወጪ መዝገቡ ላይ የሚያሰፍራቸው ግን በእኔ ስም ነው።