የአባዬን መታወቂያ ይዤ ስድስት ኪሎ

ከደሴ የተነሳሁት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ፣ ጣርማበር ላይ ጉም፣ ከዚያ እንቅልፍ። ላምበረት ስንገባ 10 ሰዓት አልፏል።

ቦርሳዬ ውስጥ የአባዬ የተማሪ መታወቂያ አለ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ፎቶው ደብዝዟል፣ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ግን ዛሬም ይነበባል። አባዬ ከወይዘሮ ስህን ማትሪክ አልፎ በ1966 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ገባ። አንድ ዓመት ተማረ። በዓመቱ ተማሪውን ወደ ገጠር የሚልከው የእድገት በህብረት ዘመቻ ታወጀ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ እሱም ዘመተ። ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም። አሁን ጉልበቱ መንገድ አልችል ብሎታል። «አንተ እይልኝ» አለኝ፤ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ላምበረት ላይ ሻንጣዬን ያየ አንድ ባለላዳ 1,200 ብር አለኝ። ተከራክሬ በ900 ወሰደኝ። ለዚያ መንገድ ያን ያህል እንደማይከፈል በማግስቱ ስሰማ ውስጤ ተቃጠለ። ደሴ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ እንግዳ መሆንህን ካወቀ መንገድ ያሳይሃል፣ ያደረሰህ ቤት በር ላይ ቆሞ እስኪከፈትልህ ይጠብቃል። ይሄን የምለው አገሬን ለማሞገስ አይደለም፤ የለመድኩት እሱን ስለሆነ ነው።

ፔንሲዮኑ ደግሞ የባሰ ነበር። ውሃ የለም፣ የበሩ ቁልፍ አይዞርም፣ ከታች ያለው ቤት ሙዚቃውን እስከ 8 ሰዓት አላቆመም። ወንበር በሩ ላይ ደግፌ ተኛሁ። ተኛሁ ከተባለ።

ጠዋት ግን ሁሉን አስረሳኝ። መጀመሪያ አደባባዩ ላይ የሰማዕታቱ ሐውልት ጋ ቆምኩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት ግቢ፣ አሁን ተማሪው ደብተሩን ይዞ የሚገባበት ይኸው የስድስት ኪሎ ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ከተማው ታረደ። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ በሩ ላይ ቆሞ ማሰብ ግን ሌላ ነው።

ውስጥ ገብቼ ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሄድኩ። ፊት ለፊቱ እየተጠማዘዘ ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ፋሺስቶቹ ሥልጣን ላይ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ ብለው የሠሩት ነው። ጫፉ ላይ አሁን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። ደረጃውን አለማፍረሳቸው ደስ አለኝ። ጠላት የሠራውን ትቶ ከላዩ አንበሳ ማስቀመጥ፣ እኔ ከማፍረስ የበለጠ አርኪ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ቤተ መንግሥቱ ራሱ የዩኒቨርሲቲ ቤት የሆነው ከደም በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ግርግር፣ የታገቱት ሚኒስትሮችና መኳንንት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ። በዓመቱ ንጉሡ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ በካናዳዊው ሉሲየን ማት መሪነት የተጀመረው ኮሌጅም፣ ከጎንደር ጤና፣ ከዓለማያ እርሻና ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ሆኖ በ1954 ዓ.ም. በንጉሡ ስም ዩኒቨርሲቲ ተባለ። አባዬ ኪሱ ይዞት የኖረው ስም ያ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተባለው እሱ ዘመቻ ላይ እያለ ነው።

የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ፎቅ ላይ ነው። መስቀሉን፣ ሥዕሉን፣ የሙዚቃ መሣሪያውን አየሁ። ብዙ የቆየሁት ግን የንጉሡ መኝታ ክፍል ነው። መስታወቱ ላይ የዚያ ታኅሣሥ ጥይት የበሳው ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን እያየሁ ስለቆየሁ ከኋላዬ የነበሩት ጎብኚዎች ዞረውኝ አለፉ።

ከዚያ ኬኔዲ። አባዬ ስለ ስድስት ኪሎ ሲያወራ ከምንም በላይ የሚያነሳው ይሄን ቤተ መጻሕፍት ነው። «ቦታ ለመያዝ ማልደን እንሰለፍ ነበር» ይላል። በሩ ላይ የነበሩት ጥበቃ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። የአባዬን መታወቂያ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን ይዘው አገላብጠው አዩት። «የማን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «በሕይወት አሉ?» አሉ። «አሉ» ስላቸው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። «አንባቢ ካልሆንክ ወደ ውስጥ አላስገባህም ልጄ፤ ግን ና፣ ከዚህ ሆነህ እይ» ብለው በሩን ያዙልኝ። ሁሉም አጎንብሷል። ከገጽ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። ለዚህ ሰውዬ ስማቸውን ሳልጠይቅ መሄዴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስወጣ ልጆቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የወጡት እንደነዚህ ያሉ ልጆች ነበሩ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የማኅበራቸው መሪ ጥላሁን ግዛው ሲገደል አስከሬኑን ይዘው ያደሩትም፣ በማግስቱ ጦር ግቢ ገብቶ የተኮሰባቸውም እነሱው ናቸው። አባዬ ሲገባ የጥላሁን ሞት ገና አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ታላላቆቹ ሲያወሩት እየሰማ ነው የተማረው።

ደረጃው ሥር ተቀምጬ ደወልኩለት።

«ኬኔዲን አየህ?» አለኝ።

«አየሁ አባዬ። ጥበቃው በሩን ያዙልኝ።»

«በግራ በኩል፣ መስኮቱ ጋ፣ ሰው ነበር?»

«አንዲት ልጅ ነበረች። እያነበበች።»

ዝም አለ። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«አልረበሽካትም አይደል?» አለኝ።