«እኔ ሳካ ነኝ»

እሁድ እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል። የሚደወልልኝ የለም፣ የምደርስበትም የለም። ጠዋት ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔና ትንሹ ልጄ ወደ ሜዳ ወጣን።

ጤና ቡድናችን ያው ነው። ጋሼ መ. ዛሬም በረኛ ናቸው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን በባንዴጅ ይጠቀልላሉ። ቀስ ብለው ያዞሩትና ጫፉን በመርፌ ቁልፍ ይይዙታል። ከዚያ ጓንታቸው ላይ እንትፍ ብለው «በሉ እንጂ!» ይላሉ። እሳቸው ሳይሉ ኳስ አትነካም።

ስሙ ጤና ቡድን ይባል እንጂ እኮ ግማሹ እድር ነው። መዋጮ አለ። የታመመ ይጠየቃል፣ ሐዘን የደረሰበት ቤት አብረን እንቀመጣለን። ከጨዋታ በኋላ ፉል በጋራ ይበላል፤ የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። እኔ ይሄን ሜዳ የምወደው ለኳሱ ብቻ አይደለም።

ልጆቹ ከጎል ጀርባ የራሳቸውን ሜዳ ሠርተዋል። ጎሉ ሁለት ሁለት ድንጋይ ነው። ሕጉ የእኛው ሕግ ነው፤ ሦስት ኮርና ሪጎሬ። ቡድን ሲከፋፈሉ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። «እኔ ሳላህ!» አለ አንዱ። «እኔ ሃላንድ!» ትንሹ ልጄ እንዳይቀደም ጮኸ፦ «እኔ ሳካ ነኝ!»

ከዚያ በኋላ የእኛ ጨዋታ ከአእምሮዬ ወጣ። የጠሩት ሁሉ በቴሌቪዥን የሚያዩትን የውጭ ኮከብ ነው። ከነዚያ ሁሉ ልጆች አንዱ እንኳ የከተማችንን ክለብ፣ የባሕር ዳር ከነማን ተጫዋች ስም አልጠራም። አንድም።

እኛ ልጆች ሳለን ስም የምንወስደው ከሰፈር ነበር። ለቀበሌው የሚጫወት አንድ አጥቂ ነበር። ጠዋት ሱቅ ዳቦ ሲገዛ እናየዋለን፣ ከሰዓት ሜዳ ላይ እናየዋለን። ካልሲውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዝቅ አድርጎ ነው የሚጫወተው። እኔም ካልሲዬን ዝቅ አድርጌ «እሱ ነኝ» እላለሁ። አንድ ቀን በመንገድ ሲያልፍ ራሴን ዳበስ አደረገኝ። ያን ሳምንት እግሬ መሬት አልነካም።

ልጄ የከተማውን ተጫዋች የት ይየው? ከነማ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የገባው በ2011 ነው። ያኔ ባለሜዳ ነበርን፣ እንግዳ ቡድን ይመጣልን ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ ክለቦቹን በተመረጡ ከተሞች ሰብስቦ የሚያጫውት ሆነ። ተራው ለእኛም የደረሰበት ጊዜ ነበር፤ ግን ቤትህ በየሁለት ሳምንቱ ከሚመጣ ቡድን ጋር አንድ አይደለም። ወጪው፣ የቴሌቪዥን ስርጭቱ፣ ሁሉም ምክንያት አለው፤ ይገባኛል። ግን አስቡት፤ ጎንደር ከእኛ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሊጉ ሀዋሳ ላይ ሲሆን ግን የጣና ሞገዶቹ የምንባለው እኛና ዐፄዎቹ የሚባሉት የጎንደሮቹ ፋሲል ከነማዎች ለመገናኘት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ እንጓዛለን። የአንድ ሐይቅ ዳር ሰዎች ነን እኮ!

በ2015 ሊጉን ሁለተኛ ሆነን ጨረስን። አፍሪካ መድረክ ወጥተን የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ጣልነው። የሜዳችን ጨዋታ ግን አዲስ አበባ ነበር። የዚህ ከተማ ሕፃን ያን ሁሉ ደስታ ያየው በቴሌቪዥን ነው።

እኔ ግን ኅዳር 2012 ብሔራዊ ቡድናችን ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ እዚሁ ስታዲየማችን ውስጥ ነበርኩ። ፊሽካው ሲነፋ አንድ የማላውቀው ሰውዬ አንገቴን አንቆ አቀፈኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን። ስሙን እስካሁን አላውቀውም። ገበያ ላይ ስንገናኝ ግን እንደ ዘመድ ነው ሰላም የምንባባለው። ይሄ ነገር ለልጄም እንዲደርሰው እፈልጋለሁ። ሳካን ይውደድ፣ ግድ የለኝም፤ ጎበዝ ልጅ ነው። ግን ቡድኑ ጎል ሲያገባ ልጄን ከጎኑ ሆኖ የሚያቅፈው ሰው ያስፈልገዋል።

ቤት ስንገባ ቡናው ደርሶ ነበር። ነገሩን ለባለቤቴ አነሳሁላት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሀዋሳ ወይ አዳማ፣ ከነማ ካለበት ልወስደው አልኳት። «ለኳስ ብለህ ሕፃን ልጅ ይዘህ ያን ሁሉ መንገድ?» አለች። እውነቷን ነው፤ መንገዱም ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ስኒ ላይ ግን «በሚቀጥለው ዓመትስ?» አለችኝ።

የሚቀጥለው ዓመት ነው ያስጨነቀኝ። አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። ልጅ ማን ነኝ ብሎ እንደሚጫወት የሚመርጠው እስከ ስንት ዓመቱ ነው? ስምንት ላይ ባደርሰው አሁንም ቦታ ይኖረው ይሆን?